ደም የለመደ ማሽን

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር በአንዱ ቅዳሜ፣ ከአምቦ ገበያ ስመለስ አቶ ገብረአማኑኤልን ገብስማ ዶሮ ታቅፈው አገኘኋቸው። በከተማችን የታወቁ አናጢ ናቸው። የማስተምርበትን ትምህርት ቤት በርና መስኮት የሠሩት እሳቸው ስለሆኑ ቆሜ ሰላም ሳልላቸው አላልፍም።

«ለእንግዳ ነው ጋሼ?» አልኳቸው ዶሮውን እያየሁ።

ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለማሽኑ ነው መምህር። ሰኞ ኢዮሲያስ ሊቆምበት ነው።»

ኢዮሲያስ አንድያ ልጃቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንቃ እኩል አድርጎ የሚልገው ማሽናቸው አምና የዋጠውን እንጨት ወደ ኋላ ተፍቶ የሠራተኛውን የሙለታን አንድ ዓይን አጠፋ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ጣውላ ወርውሮ የሥራ ቤቱን የቆርቆሮ ግድግዳ በሳው። ሽማግሌው «ደም ለምዷል» ብለው ያምናሉ። ማሽኑን ከገዙ ጀምሮም በየዓመቱ ዶሮ አርደው ደሙን በማሽኑ አፍ ያፈሳሉ። አባታቸውም ጌዶ ሳሉ ለወፍጯቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር አሉ። እኔ ተምሬያለሁና በዚህ አላምንም። ያን የተበሳ ቆርቆሮ ካየሁ ወዲህ ግን በዚያ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ይፈጥናል።

ወደ ሥራ ቤቱ አብሬያቸው ሄድኩ። ከኢዮሲያስ ጋር የጎረቤታቸው የኦቦ ጀቤሳ ልጅ መቲ ቆማ ጠበቀችን። በቴክኒክ ትምህርት ቤት እንጨት ሥራ ተምራ ዘንድሮ የተመረቀች ናት። የጠራት ኢዮሲያስ ነው።

«ኦቦ ገብረአማኑኤል፣ አካም ጅርቱ?» አለች ጎንበስ ብላ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ወደ ቤትሽ ግቢ፤ ዛሬ እዚህ መቆም ደግ አይደለም።»

«ፈቃድዎ ከሆነ ዶሮው ከመታረዱ በፊት ማሽኑን ልየው።»

«ምኑን ታዪዋለሽ? የዚህ በሽታ መድኃኒት ትምህርት ቤት አይገኝም። አንዳንድ ቀን ሳንቃውን መሐል ላይ ገትሮ አላሳልፍ ይላል። ማን ያዘው?»

«እንጨቱን የሚስቡት ሮለሮች የጽድ ሙጫ ይዟቸው ይሆናላ። ያንሸራትታሉ። ላምባ በነካ ጨርቅ ቢጠረጉ ይስባሉ።»

«ጭሱስ? እሳት በሌለበት እንጨቱን አጥቁሮ የሚያወጣው?»

«ምላጩ ደንዟል። የደነዘ ምላጭ እያሸ እንጂ እየቆረጠ አያልፍም። ሲታሽ ይቃጠላል።»

«ጫፍ ጫፉን የሚነክሰውስ? መሐሉ ልስልስ፣ ጫፉ ጎድጓዳ። ይኼ የጥርስ ሥራ አይደለም?»

«ረጅም ሳንቃ ወጥቶ ሊያበቃ ሲል በክብደቱ ይዘቀዝቅና የኋላ ጫፉ ወደ ምላጩ ይነሣል። ደግፈው ቀጥ ቢያደርጉት አይጎደጉድም።»

ሽማግሌው ተቆጡ። የፈራ ሰው ምክንያት ሲነገረው የተሰደበ ይመስለዋል።

«ይሁን፤ የሙለታን ዓይን ግን ምን ትይዋለሽ? ሰኞ እዚያ የሚቆመው የእኔ ልጅ ነው። ሌላ የለኝም።»

መቲ ወደ ማሽኑ ተጠጋች። «ሳላይ አልናገርም» አለችና ሶኬቱን ነቅላ የገመዱን ጫፍ ለሁላችንም አሳየችን። ከዚያ ክዳኑን ከፈተች። እኔ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ።

«በመግቢያው በኩል በተርታ የተንጠለጠሉት የብረት ጥርሶች ይታዩዎታል?» አለች። «እንጨት ሲገባ ይነሣሉ። ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ወርደው ይይዙታል። የተሠሩት ሰው ለመጠበቅ ነው። በጣትዎ ይንኳቸው።»

አቶ ገብረአማኑኤል ዶሮውን ለእኔ ሰጥተው እየፈሩ ነኩ። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ጥቁር ነገር እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሁሉንም ወደ ላይ አጣብቋቸዋል። መቲ በመሮ ፈቅፍቃ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። የደረቀ ሰጋቱራ ነበር። መሐሉ ላይ የዶሮ ላባ ተጣብቋል።

«ደሙ ነው?» አሉ።

«ከሰጋቱራው ጋር ደርቆ ነው። በየዓመቱ ሲደራረብ ጥርሶቹን አሰራቸው።»

«እንግዲያ የሙለታ ዓይን…»

ይህን ብለው ሳንቃ ክምር ላይ ተቀምጠው ያን ጥቁር ነገር ይዘው ቀሩ። መቲም ልታጽናናቸው አልቸኮለችም። «ክፉ አስበው አላደረጉትም ኦቦ» ብላ ብቻ ሥራዋን ጀመረች።

ጥርሶቹ አንድ በአንድ ጸዱ። ሮለሮቹ ተጠረጉ፤ ስለታም ምላጭ ገባ። ኢዮሲያስ ሊያስነሣ ሲል አባቱ ክንዱን ያዙት።

«እኔ ልቁም። የሚሆን ነገር ካለ በእኔ ይሁን።»

«ከእንጨቱ ኋላ አይቁሙ፤ ከጎን ይሁኑ» አለች መቲ። «አጭር ቁራጭም አያስገቡ፤ ሮለሮቹ አይደርሱበትም። በአንድ ጊዜ ብዙ አይላጉ፤ ትንሽ ትንሽ ይሁን።»

ማሽኑ ጮኸ። እኔ ዶሮውን አጥብቄ ስለያዝኩት አብሮ ጮኸ። ሳንቃው ገባ። አቶ ገብረአማኑኤል ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሳንቃው በወዲያኛው በኩል ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ጭስም አልነበረውም። ዓይናቸውን የገለጡት ኢዮሲያስ እጃቸውን ሲይዛቸው ነው።

ዶሮው አልታረደም። ሽማግሌው ከእጄ ተቀብለው አቅፈውት ወደ ሙለታ ቤት ሄዱ፤ ብቻዬን አልችልም ብለው እኔን አስከተሉኝ። ሙለታ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ወደ ሥራ ቤቱ ዝር ብሎ አያውቅም። ያን ጥቁር ነገር አሳዩት፤ ጥርሶቹን እንዴት እንዳሰራቸው ነገሩትና «ዓይንህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉት።

ሙለታ ጥቁሩን ነገር ተቀብሎ አገላበጠው። በመጨረሻ «አሁን ጥርሶቹ ይወርዳሉ?» ብሎ ጠየቀ።

«ይወርዳሉ።»

እነሆ ዛሬ በዚያ ሥራ ቤት እንጨት አይቃጠልም። ምላጩ በጊዜው ይሳላል፤ በየማታው ሶኬቱ ተነቅሎ ማሽኑ ይጠረጋል። አቶ ገብረአማኑኤልም እስከ አዲስ ዓለም ከተማ ድረስ ላሉ አናጢዎች ይህንኑ ይመክራሉ። መፍራት አይከፋም፤ የሚከፋው የሚፈሩትን ነገር ገልጦ አለማየት ነው።

ሙለታ በዚያው ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ቤቱ መጣ። ሶኬቱ መነቀሉን አየ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ ጥርሶቹንም ከዳር እስከ ዳር በጣቱ እያነሣ ለቀቃቸው። ሁሉም ሲወርዱ ሰማ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ።