በወረታና በይፋግ መካከል የቀረች ክፍት ቦታ

ከይፋግ ገበያ ወደ ወረታ ስመለስ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከፊታችን ከብት አስፋልቱን ሞልቶታል፤ ከኋላችን የጭነት መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። ሰው ጡረታ ሲወጣ ትዕግሥት አብሮ ይመጣል ይላሉ። ለእኔ አልመጣልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ዘልዬ ወርጄ፣ «የማን ከብት ነው? ባለቤት የለውም እንዴ!» እያልሁ ጮኽሁ።

«ባለቤቱስ እኔ ነኝ። መሄድ እምቢ ብለውኝ ነው፣ ጌታው» አሉኝ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ።

አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው ወጣትም ወርዳ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻቸው። ውባንቺ ትባላለች። የዚያው መንደር ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር የከተማ ፕላን ተምራ አሁን ወረታ ማዘጋጃ ቤት ትሠራለች።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ አድማሴ? ምን ሆነው ነው ከብቶቹ?»

«ምን ይሁኑ ልጄ! አገሩ ሁሉ ቤት ሆነ። ከወረታ የተነሣ ቆርቆሮ ይኸው እኛ ዘንድ ደረሰ፤ ከይፋግም እየመጣ ነው። ከሐይቁ በኩል ከሜዳው ሲመለሱ ወደ ላይኛው መንደር የሚሻገሩበት ጠፋ። ኧረ ሰዉ ምን ነካው?»

«እውነትዎን ነው» አለች ውባንቺ። ቀጥላም ፊተኛዋ ላም ወደቆመችበት ተጠጋች። ከላሟ ደረት ፊት፣ በቤቶቹ መካከል በቀረችው ክፍት ቦታ ላይ፣ ከችካል ወደ ችካል የተወጠረ ሲባጎ ነበረ። «ይህስ የማን ነው?»

አያ አድማሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱማ የእኔው ነው። ዛሬ ጧት ለልጄ ለበላይነህ የቤት ቦታ ለክቼለት ነው። ከብቱ በጎረቤቴ በእነ አበረ በኩል ይዞራል ብዬ።»

«አያ አበረስ ቤታቸውን ሲሠሩ፣ ከብቱ በየት ይዞራል አሉ?»

«በእኔ በኩል» አሉ ቀስ ብለው።

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ሽማግሌው ዞረው ሲገላምጡኝ ሳቄን ዋጥሁት። ከከብቶቹ ኋላ የነበረው በላይነህ መጥቶ ሲባጎውን ፈታ፤ ላሞቹም አንድ በአንድ ገቡ። ሾፌሩ ግቡ ቢለን ውባንቺም እኔም የነገሩን መጨረሻ ሳናይ ብለን እምቢ አልን። ትቶን ሄደ። ለመሠረት ተብሎ ከተከመረው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«አየሽ ልጄ» አሉ አያ አድማሴ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ የእኔን ግን ስሚኝ። ሠርጉ ለጥር ነው። የሙሽራዋ አባት፣ ገበያው የሚሉት፣ የይፋግ ሰው ነው፤ ‹ልጄን የምሰጠው ቤቱ አስፋልት ዳር ከሆነ ነው› ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። እዚህ ካልሠራሁለት ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። ለላም ብዬ ልጄን ላዋርደው?»

«አያዋርዱት። ግን እስቲ ልጠይቅዎ። ወረታና ይፋግ አንድ ከተማ ናቸው ወይስ ሁለት?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው! ወረታ ወረታ ነው፣ ይፋግም ይፋግ። ወረዳቸውም ለየቅል ነው።»

«በላይነህ የት ነው የሚሠራው?»

«ወረታ፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤት።»

«ሙሽራዋ ሠርካለምስ?»

«ይፋግ ሱቅ አላት።»

«እንግዲያው ጧት ጧት እሱ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ ሊሄዱ ነው። ለእነሱ ከተማው ከወዲሁ አንድ ሆኗል። ቤቱም እየተጠጋጋ ነው። አዲስ አበባን አይተው የለ? ዙሪያዋን ያሉት ከተሞች ዛሬ ከእሷ ጋር ተያይዘዋል። በሌላው ዓለምማ ሰው ከአንዱ ከተማ ወጥቶ ሌላው መግባቱን ሳያውቅ ረጅም መንገድ ይጓዛል።»

«መገናኘቱ ክፉ ነው ትያለሽ?»

«የለም፣ ደግ ነው። ሐኪም ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም ለሁሉም ይቀርባል። ክፉው ሳይመካከሩ መገናኘት ነው። ከተማ ቆሻሻውን የሚጥለው በጓሮው ነው። የወረታ ጓሮ የይፋግ ደጅ ሲሆን ወዴት ይጣላል? ከተራራው የሚወርደው የክረምት ውኃስ? በዚህችው በእርስዎ ቦታ አልፎ አይደል ሜዳው የሚገባው? ላሟ ሲባጎ ስታይ ቆመች። ውኃው ግን አይቆምም፤ በበላይነህ መኝታ ቤት ነው የሚያልፍ።»

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አያ አድማሴ ግን ዋናውን ነገር ለመጨረሻ አቆይተውት ኖሯል።

«እሺ፣ እኔ ተውሁት እንበል። ነገ አበረ አጥሩን ገፍቶ አይሠራበትም? ሞኙ እኔ ብቻ ልሁን?»

ውባንቺ ተነሥታ ከአስፋልቱ ዳር የተደረደሩትን ቤቶች ተመለከተች።

«ልክ ነዎት፣ ብቻዎን ከተዉት ይሠሩበታል» አለች። «ስለዚህ ብቻዎን አይተዉት። እሑድ በሰንበቴው ያንሡት። ከዚህ እስከ ይፋግ የቀረው የውኃና የከብት መተላለፊያ ሁሉ በሕዝብ ፊት ይከለል፤ እኔም በቢሮ በኩል ፕላኑ ላይ እንዲገባ እደክማለሁ። የበላይነህን ቤት ደግሞ ገባ ያድርጉትና በሩን ወደዚህ ወደ ክፍቱ ያዙሩት። ይህ ሰፊ መንገድ ሆኖ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ፣ ውስጥ ያለውም መንገድ ዳር ይሆናል።»

«አማቼን ገበያውን ማን ያስረዳው?»

እስካሁን ቆሞ የሚሰማው በላይነህ አፉን ከፈተ። «አባባ፣ የማገባት እኔ አይደለሁም? እኔ አስረዳቸዋለሁ።»

«ዛሬ ገና አፍህን ፈታህ!» አሉ ሽማግሌው። ሆኖም ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ተነሥተውም ችካሎቹን በገዛ እጃቸው ነቀሉ።

በላይነህ ገበያውን አሳምኖት ኖሮ፣ ለሠርጉ ጠርተውኝ በጥር ሄድሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን ልናገር። በሰንበቴው አበረ ብዙ ጮኾ ነበር አሉ። የኋላ ኋላ ግን ጎረቤቶቹ አጥራቸውን ሲሰበስቡ አይቶ እሱም የራሱን ሰበሰበ። መጸዳጃ ቤቶቹ ከውኃው መውረጃ ርቀው ተቆፍረዋል። በስተኋላ የሚኖሩትም ጋሪና ባጃጅ እስከ ደጃቸው ይገባላቸው ጀመር፤ ወላድ በቃሬዛ መሸከም ቀርቷል። ለዚህ ሁሉ የጠፋው የአንድ ቤት ቦታ ነው።

ሙሽሮቹን የያዙት መኪኖች ከይፋግ ሲደርሱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። በዚያ መንደር የቤት ረድፍ መካከል መታጠፊያ ያለው በዚህች ቦታ ብቻ ነው። እዚያው ሲደርሱ ደግሞ ከብቶቹ ከሜዳው መጡ። ገበያው ከፊተኛው መኪና ወርዶ፣ «የማን ከብት ነው? ባለቤት የለውም እንዴ!» ብሎ ጮኸ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«የእኔ ነው፣ አማቼ። አይዞህ፣ መንገዳቸውን ያውቁታል» አሉት አያ አድማሴ።

ላሞቹ ገቡ። ሙሽራዋም ከኋላቸው በእልልታ ገባች። ገበያው ግን ክፍቱን ቦታ እያየ እዚያው ቆሞ ቀረ።

«በእኔም ደጅ እንዲህ ያለ ነበረ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘጋሁት።»

«በግንብ ነው በአጥር?»

«በአጥር።»

«እንግዲያው ብላና ጠጣ» አሉት አያ አድማሴ ትከሻውን ይዘው። «ነገ እኔና አበረ መጥተን አብረን እናነሣዋለን።»