አርባ አምስቱን በሠላሳ ሦስት

ነይ ግቢ የኔ ቆንጆ፣ እዚች ጋ ቁጭ በይ። ካርቶኑን ወዲያ ግፊው... ኧረ እግርሽንም ብታሳርፊበት ግድ የለም፣ ከእንግዲህ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ብርዱ እንዴት ነው ውጭ? ጫማሽ ሲያምር! እኔማ ከጠዋት ጀምሬ ሸክላ ስወለውል እጄ ሁሉ አልኮል አልኮል ይሸታል። የአሮጌ ሸክላ ሱቅ እንዲህ ነው፤ ሰው የቤቱን አቧራ ያመጣልሻል፣ አንቺ ትጠርጊለታለሽ። ባልሽስ? አሃ... እዚያ መደርደሪያው ጋ ነው። ተይው፣ ያገላብጥ። እሱ ሽፋን ሲያገላብጥ ማየት እንዴት ደስ እንደሚለኝ! ጀርባውን እስከ መጨረሻው ሳያነብ አንዱንም አይመልስም። እንዲህ ያለ አንባቢ አድማጭ አሁን የት ይገኛል?

ታናሼማ ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን። ቁስሉ ጠግጎላታል፣ መዋጥም ጀምራለች። ድምፁን እንኳ... ሐኪሞቹ ከጉሮሮዋ ያወጡትን አውጥተው የቀረላት ሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታ ምን አለበት? ድሮ እኛ ቤት እሷ ስትጮህ ሌላው ያንሾካሹክ ነበር፣ አሁን ተራ ተለዋወጥን። ኋላ ላይ ትመጣለች። ሸክላዋን ልትሰማ ነው። ከሕመሙ በፊት የቀዳነውን፣ እኔ ድራም የመታሁበትን። ድምፅዋ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ የላትም እኮ። ሰሞኑን እንደ ሕፃን ቀኑን ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

እና ምን ልነግርሽ ነበር... አዎ። አንድ ሰው አለ። አታውቂውም። በፍጹም አታውቂውም! የሸክላ ዐዋቂ ነው፣ መጽሔት ላይ ይጽፋል፣ "ባለ ወርቅ ጆሮው" ነው የሚሉት። ምነው ደነገጥሽ? ወርቅ ነው መባል ክብር አይደለም እንዴ? ወርቅ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ በየቀኑ አይወጣም፣ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

እኔ ሆስፒታል ከታናሼ አልጋ ሥር በማልጠፋበት ሰሞን ፋብሪካው የሙከራ ሸክላ ላከልን። ልማዱ ነው። ሌላው ሁሉ ከመታተሙ በፊት ጆሮ ያለው ሰው ይሰማና ወይ "ይሁን" ይላል፣ ወይ "ቁሙ" ይላል። ማን ይስማልን ብለን ስንጨነቅ ያ ሰው "ለእኔ ተዉት" አለ። ማን ለመነው? ማንም! እንዲህ ነው ደግነት ማለት። ማጫወቻው ለብቻው አንድ ክፍል ይዟል አሉ። ልጆቹ በዚያ በኩል ሲያልፉ በጣታቸው ጫፍ ነው የሚረግጡት፣ አቧራ እንዳይነሣ። ሚስቱን አላውቃትም... ግን ታሳዝነኛለች።

ሰማዋ! ተመስጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማልን። ብቻ አንዲት ትንሽዬ ነገር... የኛ ሸክላ የሚዞረው በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ ነው። ፓንክ ሮክ ነዋ፣ ሩጫ ነው፣ ትንፋሽ የለውም። እሱ በሠላሳ ሦስት ሰማው። ምን ችግር አለው? አንዲት አዝራር እኮ ናት! በእርግጥ ሸክላዋ መሃል ላይ "አርባ አምስት" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ባልሽ ቢሆን ኖሮ ያነበው ነበር። ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው በምኑ ያንብብ?

እስቲ አስቢው የኔ ቆንጆ። የታናሼ ድምፅ ጆሮ የሚበሳ ነበር፣ የጎረቤት ውሻ ያስነሣ ነበር። በሠላሳ ሦስት ሲሄድ የደከመው ሽማግሌ ሆነ። ያ ሰው ምን ብሎ ጻፈልሽ? "በመጨረሻ በሰለች።" ከደረቷ መዝፈን ጀመረች አለ! የኔን ድራምማ "የሐዘንተኛ እርምጃ" አለው። የኔን! በአንድ ዘፈን ሁለት ዱላ የምሰብረውን ሴትዮ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ይሆናል... የኛ እንቁላል ግን ሲጀመርም የተጣለው ለመወርወር ነበር።

ይሄ እንኳ ምንም አይደል። ሸክላዋ ስትታተም ቀዳዳዋ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ ነው የተበሳው። መርፌው ወዲያ ወዲህ ይዋልላል፣ ድምፁም ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰካራም። እሱ ይሄንን "ትካዜ" አለው። ፕላስቲኩ ውስጥ ደግሞ አረፋ ገብቶበት በየዙሩ ቀጭ ይላል። እሱንም "የልብ ምት" ብሎታል። ደስ አይልም? ሌላው ሐያሲ እንከን ሲለቅም ይውላል፣ ይሄ ግን ክፉውን ሁሉ በበጎ ነው የሚያየው። የሚያየው ነው ያልኩሽ... መስማቱን ተይው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእሱስ ባዳም አልሆነ፣ ባዳ እንኳ አንዳንዴ ብቅ ብሎ ይጠይቃል።

"ይሁን" አለ። ፋብሪካውም አተመ። ካርቶኖቹ መጡ፣ ያው አንዱ እግርሽ ሥር ነው። አንዷን አውጥቼ በአርባ አምስት መርፌ አሳረፍኩባት። የታናሼ የመጀመሪያው ጩኸት ሲመጣ... ያ የምታውቂው... ማለቴ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጩኸት፣ ገና ሲነሣ ተንሸራተተ። ቀጭ። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ቀጭ። እዚሁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን እዋሽሻለሁ። አንድ ድምፅ ቀርቷት እሱንም እንዲህ አድርገን ልናሰማት ነው?

ትናንት ፋብሪካው ጋ ደወልኩ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው። "የቀዳችሁት ድምፅ ንጹሕ ነው፣ የተበላሸው ሲታተም ነው፤ ግን ሰዋችሁ ሰምቶ ይሁን ብሎናል" አለኝ። "ያ ሰው ራሱ ደውሎ፣ በተሳሳተ ፍጥነት ነው የሰማሁት፣ ካለኝ እንደገና አትምላችኋለሁ። ብቻ ማተሚያ ቅርጹ ነገ ከሥራ መውጫ በፊት ሊቀልጥ ተራ ይዟል።" ዛሬ ነው እንግዲህ። አንዲት ዐረፍተ ነገር እኮ ናት! ታናሼ ብትሆን በሹክሹክታም ቢሆን ትላት ነበር።

ለሰውዬውም ትናንትናውኑ ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጉድለት ሳይሆን ጠባይ ነው፤ የሠለጠነ ጆሮ ነው የሚለየው።" አይፈረድበትም። መጽሔቱ ወጥቷል፣ ሰዉ አንብቦታል። አሁን ተሳሳትኩ ቢል ያ ሁሉ ብስለት፣ ያ ሁሉ ትካዜ የት ይገባል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ... እሱስ መች ቸኮለ? ረጋ ብሎ ነው ያፈሰሰው። ለቀማው ነው ለኛ የቀረው።

ባልሽ ቢሆንማ እንዲህ አያደርግም፣ መቼ አጣሁት? ባልሽ አስተዋይ ነው። ባልሽ ቢሆን ይሄኔ ያቺን ስልክ ያነሣ ነበር። ያቺን፣ መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ክርኑ አጠገብ ያለችውን። የፋብሪካውንም ቁጥር እዚያው በትልቁ ለጥፌዋለሁ... እንዲያው ለራሴ ነው። ምነው? ጮህኩ እንዴ? ይቅር በይኝ፣ ድራም መቺ ነኝ፣ ልኬን አላውቅም። ልጄ ሆይ ልንገርሽ፣ ምራቴ ሆይ ስሚኝ ያሉት እናት ታድለው! የሳቸው ምራት ትሰማ ነበር።

አንገትሽን አትድፊ እንጂ፣ አንቺን ማን ወቀሰሽ? እኔ የማስበው የዚያን ሰው ሚስት ነው። ያን ቀን ከወጥ ቤት ሆና "ይሄ ነገር አልዘገየም?" ሳትለው አትቀርም። ታናሼን ታውቃታለቻ! ሠርጓ ላይ ዘፍናላት የለም እንዴ? እንግዳው ሁሉ ጆሮውን ይዞ እየሳቀ ሲወጣ ሙሽሪት ብቻ ቀሚሷን ሰብስባ ስትዘል... ማን አልሽኝ? ያቺ ሴትዮ ነቻ! አላውቃትም አልኩሽ እኮ።

የበሩ ደወል ነው የጮኸው? ወጣ እንዴ? ሳይሰናበት? ምን ሆኖ ነው... ስልኳም እንደተቀመጠች ናት። ምናልባት ማንም ሳይሰማው ከቤቱ ሊደውል ይሆናል። ሊሆን ይችላል... ስንት ሰዓት ሆነ? አሃ። እንግዲህ ፋብሪካውም ወደ መዝጋቱ ነው።

ተነሺ፣ ተከተይው የኔ ቆንጆ። ሻርፑን ጥሎ ሄዷል፣ ውሰጂለት። ብርድ ጉሮሮ ላይ ሲወርድ ክፉ ነው፣ ጉሮሮን ለኛ ተይው፣ እኛ እናውቀዋለን። ምርቃቴንም አድርሺልኝ። ለባልሽ አይደለም፣ ለዚያ ሰው፣ መንገድ ላይ ካገኘሽው። ታናሼ ያጣችውን እሱ አይጣው። እግዜር ጉሮሮውን ይጠብቅለት፤ እንደ ዛሬው ጤነኛ፣ እንደ ዛሬው ለስላሳ አድርጎ፣ "ተሳሳትኩ" የምትል አንዲት ቃል እንኳ ሳትቧጭረው እስከ ዕለተ ሞቱ ያቆይለት። አሜን በይ እንጂ!