የመርፌ ምጥ

ሐርጌሳ ውስጥ፣ ጅግጅጋ ያር ከሚባለው ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በሚወርደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶችን አማርኛ አገናኛቸው፤ ወጣቲቱ ጨቅላ ሕፃን ታቅፋ ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ።»

«ምኑን ማረችኝ፣ እትዬ! በመርፌ አስምጠውኝ!»

«ምጥሽ እንቢ ብሎ?»

«ቀኔ አለፈና ሕፃኑ ይታፈናል አሉ። የራስ ምጥ እኮ መጣ ሲል ተወት ያደርጋል፣ ትንሽ ይተነፈሳል። የመርፌው ግን ፋታ የሚባል አያውቅም።»

«አልጮኽሽም?»

«ማርያም! ማርያም! እያልኩ ነዋ! ለካ አንዷ ሶማሌ ነርስ ስሟ ማርያን ነው፤ የጠራኋት መስሏት እየሮጠች መጣች።»

«እሰይ! ምን አደረገችልሽ?»

«የምጡን መድኃኒት ጠብታ አፈጠነችው!»

ሁለቱም ሳቁ።

«እርስዎስ የት ወለዱ፣ እትዬ?»

«እኔ ሼክ ኑር ሰፈር፣ በተከራየሁት ክፍል፣ ብቻዬን። ምጤ በራሱ ጊዜ የመጣ ነበር፤ አንቺ ያልሽው ፋታም ነበረው።»

«ታድለዋል!»

«እኔም እንዳንቺው ማርያም! ማርያም! እያልኩ ጮኽኩ። ጎረቤቶቼ ሶማሌዎች ናቸው፤ ማርያም ከምትባል ሴት ጋር የምጣላ መሰላቸውና በሬን የገፋ አልነበረም።»

«ውይ! ሕፃኑስ?»

«ሲደርሱልኝ ታፍኖ ነበር። በይ፣ መርፌውን አትርገሚብኝ።»

የምወርድበትን ቦታ ስናልፍ እያየሁ፣ ሾፌሩን አቁም ሳልለው ተቀመጥሁ።