ለጋሼ ሙላት እጄን ያወጣሁ ቀን

እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ታራዴል በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሼ ሙላት አገር ቤት የቲያትር ተዋናይ ነበሩ። ባለፈው እሑድ ለካልጋሪ ኮሚኒቲያችን ፕሬዚዳንትነት የመጀመሪያ ማጣሪያ ተጠቆሙ። ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» ሲል ግን አንድም እጅ አልወጣ፤ ያለ ደጋፊ ደግሞ ውድድሩ ውስጥ አይገቡም። ከኋላ አንዱ፣ «እሳቸው እንደሆነ ተዋናይ ናቸው፤ የውሸት ማልቀሱንም ያውቁበታል» ብሎ ሰዉን አሳቀ።

እኔ ፊደል ብዙ አልቆጠርኩ፤ ዓይኔ ግን ሥራ ፈቶ አያውቅም። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛው ሳሎን ሲያወራ፣ ጋሼ ሙላት የት ገቡ ብዬ ኪችኑን አጮልቄ አይቻለሁ። ብቻቸውን እያለቀሱ ድስት ይፈትጉ ነበር። እጄን አውጥቼ ይህንኑ ተናገርኩና፣ «ተዋናይ ተመልካች በሌለበት ይሠራል?» አልኩ። ስማቸውም ተመዘገበ።

ፓርኪንጉ ላይ፣ «እትዬ አስካለ፣ ያን ቀን አይተውኝ ኖሯል?» አሉኝ።

«አይቼዎት ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሳልልዎት ነው የቆየሁት» አልኳቸው።