አቶ ጋች ዱዎፕና ባለቤታቸው ያገኙት ወርቅ

ውድ ሐዘንተኞች፣ አቶ ጋች ዱዎፕ በሕመም አልጋቸው ላይ ሳሉ «ታሪኬ እንዳለ ይነበብ፤ ቅናቴም አይዘለል» ብለው ስላዘዙ፣ በቤተሰቡ ፈቃድ እንደ ቃላቸው ይነበባል።

አቶ ጋች ከአባታቸው ከአቶ ዱዎፕ ጆክና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኛሪየክ በ1967 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ናስር ከተማ ተወለዱ። ጦርነት ቤተሰቡን ባፈናቀለ ጊዜ በጋምቤላ፣ በኢታንግ የስደተኞች መጠለያ አድገው፣ ኋላም አዲስ አበባ በጂኦሎጂ ተመረቁ፤ በአንድ ክፍል አብረዋቸው የተማሩትን ወ/ሮ የሻረግ ሞገስንም አግብተው፣ ሁለቱም በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ የወርቅ ማውጫ ተቀጠሩ።

እዚያም ወርቁን የያዘው የነጭ ድንጋይ ሥር ወደ ታች ሲወርድ ቆይቶ አለቱ በተሰበረበት ቦታ ድንገት ስለተቋረጠ፣ የቁፋሮው ኃላፊ የነበሩት አቶ ጋች «አልቋል» ብለው ወሰኑ። ወ/ሮ የሻረግ ግን ዋሻው ውስጥ ገብተው፣ አለት በአለት ላይ ሲንሸራተት የተወውን ጭረት በእጃቸው እየዳበሱ፣ «አላለቀም፤ ተሰብሮ ወደ ምዕራብ ወርዷል። ጭረቱ የሚያሳየውን አቅጣጫ ተከትላችሁ ቆፍሩ» አሉ። ተቆፈረ፤ ወርቁም ተገኘ። ሠራተኛው በሬ አርዶ ሲደሰት አቶ ጋች «ራሴን አመመኝ» ብለው ከቤት ሳይወጡ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው «የየሻረግ ባል» ባላቸው ቁጥር ፊታቸው ይጠቁር፣ ባለቤታቸው ስለ ድንጋይ ማውራት ሲጀምሩ ሬዲዮ ይከፍቱ ነበር።

ሀገራቸው ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ቤተሰባቸውን ይዘው ተመለሱና ጁባ ውስጥ ጀበል በሚባለው ሰፈር ቤት ሠሩ። የባለቤታቸውን ሙያ ግን ለማንም አልተናገሩም፤ ወ/ሮ የሻረግም ቅር እያላቸው በገበያው የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈቱ። ዓመታት አልፈው፣ አቶ ጋች በሀገሪቱ ምሥራቅ በሚሠሩበት ማውጫ ወርቁ እንደገና ተሰወረ፤ ቁፋሮው ደጋግሞ ባዶ ድንጋይ ሲያወጣ ካምፓኒው ሠራተኛውን ሊበትን ተነሣ። ያን ጊዜ አቶ ጋች ሱቁ በር ላይ ቆመው፣ «የሻረግ፣ ጠፋብኝ። ነይና እይልኝ» አሉ። ወ/ሮ የሻረግም ሚስማር መመዘናቸውን ሳይተዉ፣ «አሁን ነው ባለሙያ መሆኔ ትዝ ያለህ?» አሉ፤ ሆኖም ሱቁን ዘግተው ተከተሏቸው፤ የወርቁንም ሥር ከተሰወረበት ቦታ እጅግ ጠልቆ አገኙት።

ወርቁ ስለተገኘ ካምፓኒው ባደረገው ግብዣ ላይ ለአቶ ጋች ሲጨበጨብ ተነሥተው፣ «እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት። ያኔም እሷ ነበረች» አሉ። ጭብጨባው ወደ ባለቤታቸው ሲዞር ግን እህል አልወረደላቸውም። በማግስቱ ለቤተ ክርስቲያናቸው መሪ ለፓስተር ገብሬ፣ «እውነቱን ተናገርኩ፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ጸልዩልኝ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ እየተከራከሩም ቢሆን አብረው ሠሩ።

ኩላሊታቸውን ታመው በተኙ ጊዜ ጠያቂ ሲመጣ፣ «ወርቅ አግኚዋን ተዋወቋት» እያሉ ባለቤታቸውን ራሳቸው ያስተዋውቁ ነበር፤ እንግዳው እሳቸውን ትቶ ከወ/ሮ የሻረግ ጋር ወግ ሲይዝ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ትናንት ማለዳ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ወደ ጌታ ሄዱ።

አቶ ጋች ባለቤታቸውን ወ/ሮ የሻረግን፣ ልጆቻቸውን ክርስቲናንና ኤልሮኢን፣ እህታቸውን ወ/ሮ ሮዝን ትተው አልፈዋል። ለአንዱ የተሰጠው ክብር ሌላውን በማያሳንስበት ቤት ጌታ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።