ከምሳ የተመለሰው አውሮፕላን

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። ወንበሩ ላይ ደገፍ ይበሉና እግርዎን ዘርጋ ያድርጉት... እንዲህ። ደረጃው አደከመዎት አይደል? ጥርስ ሠሪ ሆና ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተከራየች ሴት ደንበኛ ጠላች ማለት ነው ይሉኛል። ወንድምዎ ነው ያመጣዎት? ደግ አደረገ። እዚያው ማረፊያው ላይ ይቀመጥ፣ ጋዜጣ አለለት። ግድግዳው ቺፑድ ስለሆነ ብቻዬን ተተውኩ አይልም። እሱ ገጽ ሲገልጥ እኛ እንሰማለን፣ እኛ ስናወራ እሱ ይሰማል። ቤተሰብ እንደመሆን ነው።

ድመትዎስ እንዴት ናት? ያቺ ነጯ። ፀጉሯ አሁንም ይረግፋል? ባለፈው ደረጃው ላይ የተገናኘን ቀን ከሹራብዎ ላይ አንድ በአንድ ስለቅምልዎ፣ እርስዎም እየሳቁ ቤቴ ያልደረሰችበት ቦታ የለም ሲሉኝ ትዝ ይለኛል። የምግብ ጠረጴዛዎስ ተለቀቀልዎት? ያኔ ጋዜጣና የቀለም ቆርቆሮ ሞልቶበት ሳምንት ሙሉ ሳህን ጭንዎ ላይ አድርገው ሲበሉ ከርመው ነበር። ምን እየተሠራበት እንደሆነ አልጠየቅሁዎትም። የሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ምን የሚሉት ነገር ነው?

በሉ አፍዎን ከፈት። ይህ ሮዝ ሊጥ ነው የድድዎን ልክ የሚያወጣልኝ። መጀመሪያ የላዩን፣ ቀጥሎ የታቹን። አሁን ገጠም ያድርጉት... ጎበዝ። እስኪጠነክር መናገር የለም። መሳቅም የለም፤ ከሳቁ ልኩ ይበላሽና ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ የሚስቅ ጥርስ እሠራልዎታለሁ። ሊጡን ማስቸኮል አይቻልም። ስንት ዓመት ለመንኩት፣ የራሱ ደቂቃ አለው። የሚደርቅ ነገር ሁሉ የራሱ ደቂቃ አለው ብዬ አምን ነበር... እስካለፈው እሑድ ድረስ።

እስኪደርቅ ላጫውትዎ። እሑድ የክበባችን ውድድር ነበር። ወንድምዎ ነግሮዎት ይሆናል፣ እሱም አባል ነው። ሞዴል አውሮፕላን ነው የምንሠራው። አዎ፣ ትልልቅ ሰዎች ነን፣ አይሳቁ ብያለሁ። ቁርጥራጩ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል፣ ክንፉ ለብቻ፣ ጅራቱ ለብቻ፣ ጎማው ከምስር ፍሬ የማይበልጥ። ሌላ ጊዜ አንዱን ለመጨረስ ሁለት ወር ይፈጅብናል። የእሑዱ ግን በስምንት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካርቶን ይከፈታል፣ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም እጁን ያነሳል። ለሰባታችንም አንድ ዓይነት አውሮፕላን ነው የተሰጠን፣ የትኛው እንደሆነም ከወር በፊት ተነግሮን ነበር። መጀመሪያ ገላው በሙሉ ብርማ ይቀባል፣ እሱ ሲደርቅ ከላዩ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። ሳይደርቅ ቀዩን ካስነኩት ሁለቱ ይቀላቀሉና ቲማቲም የፈሰሰበት ድስት ይመስላል።

የሚያሯሩጠን ደግሞ ዋንጫ እንዳይመስልዎት። ጋሼ ናቸው። አርባ ዓመት እውነተኛ አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው፣ ክበቡንም ያቋቋሙት እሳቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ የሥራ ጠረጴዛዬን ለአሸናፊው እሰጣለሁ አሉ። ያን ጠረጴዛ ቢያዩት እትዬ... በገዛ እጃቸው የሠሩት፣ አሥራ ሁለት መሳቢያ ያለው፣ ጠርዙ ክንዳቸው ሲያርፍበት ኖሮ የለሰለሰ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጥጉ ላይ ተቀምጬ ነው ወረንጦ አያያዝ የተማርኩት። ይሄ አሁን አፍዎ ውስጥ ያለው እጅ የተገራው እዚያ ነው። ምን እዋሽዎታለሁ፣ በጣም ፈልጌው ነበር።

እና አንድ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፣ ሰውን በስም እያነሱ ማውራት አልወድም። ወንድምዎ ግን አሳምሮ ያውቀዋል። ክበቡ ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

እንዴት ያለ የረጋ ሰው መሰለዎት። እኛ ስድስታችን ስንራኮት እሱ ያፏጫል። ፋርማሲስቱ ክንፉን ከአውራ ጣቱ ጋር አጣብቆ ግማሽ ሰዓት አንድ ክንፍ ይዞ ሲንጎራደድ ነበር። የታክሲ ሹፌሩ ጎማ ወድቆበት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲድህ፣ ማንም እግሩን እንዳያነሳ ብሎ ሁላችንንም አስሮን ነበር። እኔ የፀጉር ማድረቂያዬን በአንድ እጅ፣ ብሩሼን በሌላው ይዤ፣ መመሪያውን በጥርሴ ነክሼ... ያ ሰው ግን አንዲት ቁራጭ ይቆርጣል፣ ወደ ብርሃን ያነሳታል፣ ያደንቃታል፣ መልሶ ያስቀምጣታል። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሁለት ክንፍ እንኳ አላጋጠመም። ለሙያ ክብር ያለው ሰው እንዲህ ነው። አዘንኩለት እኮ፣ አይደርስም ብዬ ልረዳው ሁሉ ፈልጌ ነበር።

ምሳ ሰዓት ሆነ። እኛ ባለጌዎቹ በአንድ እጅ ዳቦ፣ በአንድ እጅ ሙጫ ይዘን እዚያው በላን። ከሁለቱ የትኛውን እንደዋጥኩ እግዜር ይወቅ። እሱ ግን አስተዳደጉ አይፈቅድለትም። እህቱ በሥርዓት ነው ያሳደጉት። የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወደ መኪናው ወረደ። ምሳ ዕቃ ስልዎ... ለአንድ ሰው ምሳ ሳይሆን ለአንድ ሠርግ የሚበቃ። አርባ ደቂቃ ቆይቶ ተመለሰ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ትንሽ ጎንበስ ቀና አለ፣ ከዚያ ዞር ስንል አውሮፕላኑ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ክንፉ ገጥሞ፣ ብርማው ተቀብቶ፣ ቀዩ መስመር ተሰምሮ። ምሳ የበላው እሱ ነው፣ የወፈረው አውሮፕላኑ ነው። እንዲህ ያለ በረከት አይተው ያውቃሉ?

ደግሞ ደርቋል። የኔ ብርማ እስከ አሥር ሰዓት አልደረቀም፤ የአውራ ጣቴ አሻራ ክንፉ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ወንጀል ብሠራ ፖሊስ አይቸገርም። የሱ ግን እንደ ሳህን ነው፣ ቢያንኳኩት ይጮኻል። አዳራሹ በቀለም ሽታ ታፍኖ መስኮት ሁሉ ከፍተናል፣ ወደሱ አውሮፕላን ጠጋ ብለው ቢያሸቱ ግን ምንም የለም። ንጹሕ ሰው ሥራውም አይሸትም። ቀለሙ የዕለቱ ይሁን የሳምንት እንዳይለይ አድርጎ የሚቀባ እጅ ለስንት ሰው ይሰጣል?

ቆይ፣ የላዩ ደረሰ። ቀስ... ወጣ። እንዴት አምሮ ወጥቷል። ይትፉ፣ ይጉመጥመጡ። አይ አይ፣ አይናገሩ፣ ድድዎ ቦታውን ይለቅብኛል። ዓይንዎ ብዙ እንደሚል አያለሁ፣ ግን የታቹ ይቀረናል። በሉ ከፈት... ገጠም። ምነው ከግድግዳው ወዲያ ጋዜጣው ዝም አለ? ጥሩ ወሬ አግኝቶ ይሆናል።

የኔን ጉድ ልንገርዎትና ይፍረዱ። አውሮፕላኑ ሦስት ጎማ አለው፣ አንዱ ከአፍንጫው ሥር። አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ክብደት ካልተጨመረ ወደ ኋላ ይመዝንና በጅራቱ ቁጭ ይላል። ይህን የማያውቅ ሞዴል ሠሪ የለም። እኔም አውቃለሁ፤ ብሎኗን ከቤቴ መርጬ አምጥቼ፣ እንዳልረሳት ብዬ ዓይኔ ሥር በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አስቀምጬ፣ ከዚያ አፍንጫውን ጥርቅም አድርጌ አሸግሁት። ብሎኗ ክዳኗ ውስጥ ሆና ታየኛለች። ልክ አሥር ሰዓት ላይ እጃችንን ስናነሳ የኔ አውሮፕላን ቀስ ብሎ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አነሳና ሁሉም ሰው ፊት ቂጡ ላይ ቁጭ አለ።

ያ የተረጋጋ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ደክሞት ነው፣ ተዉት ይቀመጥ። ለካ ጥርስ መሥራትና አውሮፕላን መሥራት አንድ አይደለም» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ያስቃል እኮ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን አለቀስኩ። የረሳሁትስ ረሳሁት፣ ግን ስምንቱን ሰዓት እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። ይሄን እንኳ ማንም አላለልኝም።

ከዚያ ጋሼ ለዳኝነት ዞሩ። አሁን የሚያዩት በጣታቸው ነው። የእያንዳንዳችንን አውሮፕላን ከአፍንጫ እስከ ጅራት ይዳብሳሉ፣ ጣታቸውን ቀለም ያደርጉታል፣ ይስቃሉ፣ በጨርቅ ይጠርጉታል። የሱን ሲዳብሱ ጣታቸው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ለሰስ አድርገው ወደ ሆዱ ሄዱ... ቀዩ መስመር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ጠጋ ብዬ አየሁ። አንዲት ፀጉር ናት። ነጭ፣ ቀጭን። ግማሿ ከብርማው ሥር ተቀብራ፣ ግማሿ በቀዩ መስመር ውስጥ አልፋለች። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«አንቺ፣ አዳራሹ ውስጥ ድመት አለ እንዴ?»

አላየሁም ጋሼ፣ አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ አዳራሹ ውስጥ አላየሁም።

ወይኔ እትዬ፣ አይንቀሳቀሱ፣ ሊጡ ይሸሽብኛል። እርስዎን ምን አስደነገጠዎት? ከልብሱ ረግፋ ነው ሊሉኝ ነው አይደል? ትሆናለች። ነጭ ድመት ያለበት ቤት የሚገባ ሰው ስንት አለ በዚህ ከተማ። እኔ ስለ ድመት ምንም አላልኩም። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ወንበር ነው የሚንቋቋው፣ አይስጉ፣ አሮጌ ስለሆነ የተቀመጠበት ሰው ሲቁነጠነጥ ይጮኻል።

አንደኛ እሱ ወጣ። ይገባዋል። ከሁላችን ቀድሞ የጀመረ... ይቅርታ፣ ከሁላችን ቀድሞ የጨረሰ ሰው እሱ ነው። አጨበጨብንለት፣ እኔ እንዲያውም ብድግ ብዬ። ሁለተኛ የወጣችው በቂጧ የተቀመጠችው የኔዋ ናት፣ ጋሼ ቀለሟ ሐቀኛ ነው አሉላት። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ሰው ሲያረጅ ንግግሩ ይረቃል።

ትናንት ጋሼ ደወሉልኝ። ጠረጴዛውን ቅዳሜ ነው የሚያስረክቡት። ከማስረከባቸው በፊት ግን አንድ ነገር አምሯቸዋል። ያ ሰው ያንኑ አውሮፕላን እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው ስምንት ሰዓት ውስጥ፣ እሳቸው ከጎኑ ተቀምጠው እንዲሠራላቸው። «አርባ ዓመት ቀለም እስኪደርቅ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። እሱ እንዴት እንደሚያደርቀው ሳልማር ዓይኔ እንዳይጠፋ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። እንዲህ ያለውን ምኞት ማን እምቢ ይላል? ካርቶኑን እኔ ገዝቼ እንደታሸገ እንዳመጣ አዘውኛል። ስለ ምሳውም አስበውለታል፤ ደረጃ እንዳይወርድ፣ እንዳይደክም፣ ከፊታቸው ሳይነሳ እዚያው አብረን እንበላለን። የክበቡ ሰው ሁሉ ተጠርቷል። እርስዎንም ጥሪልኝ ብለዋል፣ ስለ ድመት ማውራት ይወዳሉ።

ያ ሰው ይህን ገና አልሰማም መሰለኝ። ወይም... አሁን አሁን ሰምቶ ይሆናል። ወንድምዎ ይንገረው፣ ቅርብ አይደሉ? ካልተመቸውም ችግር የለም፣ ጋሼ ጠረጴዛውን ለሁለተኛዋ እንሰጣለን ብለዋል። እኔ ግን ይመቸዋል ብዬ ነው የማምነው። እንዲህ ያለ ሙያ በአንድ እሑድ አያልቅም።

ደረሰ፣ ደረሰ። ቀስ አድርገው... ወጣ። ይዩት፣ ጉድለት የለውም። ጊዜውን የጠበቅነው ነገር እንዲህ ነው። ጉንጭዎ ላይ ትንሽ ሊጥ ቀርቷል፣ ልጥረግልዎት። እርስዎን እኮ እወድዎታለሁ እትዬ፣ ጠረጴዛ ሲለምኗት ለምን የማትል እህት ማን አለው? ጥርስዎን በሁለት ሳምንት አደርስልዎታለሁ። ጸሎትዎ እንደሚሰማ አውቃለሁና ለዚያ ሰው አብረን እንመርቅለት። ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለውም እንዲሰማ።

እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት፣ ጤናውን ይስጠው፣ ጣቱ አይንቀጥቀጥ። ቅዳሜ ጋሼ ከጎኑ ተቀምጠው እጃቸውን እጁ ላይ ሲያሳርፉ፣ ያን እሑድ አዳራሹ ውስጥ የሠራውን ያህል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ልክ የዚያኑ ያህል ያሠራው።

አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ... አፍዎ እኮ ባዶ ነው።