ተወዳዳሪነት ምን ለብሶ ይሣል? ለጋሽ ደርበው መሸኛ

ጋሽ ደርበው፣ እዚያው ይቀመጡ፤ ዛሬ የምቆመው እኔ ነኝ። "ቀጥ በል፣ አትንቀሳቀስ፣ ልሥልህ ነው" እያሉ ስንት ዘመን ገትረውን ኖረው፣ ዛሬ ተራው ደርሶ እርስዎ ሳይንቀሳቀሱ ይሰሙኛል። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ዳግማዊት "ፈንታው፣ አጠር አድርገህ ተናገር" ብለውኛል። እሞክራለሁ፤ ቃል ግን አልገባም።

እኔ ጋሽ ደርበው ወደዚህ ማር ማቀነባበሪያ የመጡ ዕለት አልነበርኩም። ያየው ዘበኛችን ባዘዘው ነው። ባዘዘው ሲያወራ ትንሽ ይጨምራል፤ እኔ ደግሞ በሱ ላይ ትንሽ ጨምሬያለሁ፤ እናንተ አጣርታችሁ ስሙ። የተቀጠሩት የበሩን ታፔላ እንዲጽፉ ብቻ ነበር። ግን ዕድሜያቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸውና ጽሑፍ ብቻውን አላረካቸውም። በሩ ላይ ጠቦት የምታክል ንብ ሣሉ። ዓይኗ ትልልቅ፣ ክንፏ የኪሩብ ክንፍ! በማግስቱ ከይምርሐነ ክርስቶስ ተሳልመው የሚመለሱ አንዲት እናት በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉና ጫማቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ የማን ደብር ነው?"

ባዘዘውም፣ "ኧረ እናቴ፣ ይሄ የማር…" ብሎ ሳይጨርስ፣

"የማርያም! እልልልል!"

የማር ፋብሪካ መሆኑን እስኪያስረዳቸው በሩን ተሳልመው ጨርሰው ነበር። ፋብሪካችን የተባረከ ነው የምንለው ዝም ብለን አይደለም።

ቀጥሎ ወይዘሮ ዳግማዊት ሥራ አስኪያጅ ሆነው መጡ። እሳቸው ዕቅድ ይወዳሉ። አይቆጡኝ፣ እውነት ነው። በየስብሰባው ስትራቴጂክ ዕቅዱን ያነቡልናል፤ እኛም ዓይናችንን ገልጠን መተኛትን ተካንን። አንድ ቀን አንብበው ሲጨርሱ "ጥያቄ ያለው?" አሉ። ከኛ ከጠርሙስ አጣቢዎቹ ደሳለ እጁን አወጣ። እንዴት ደስ አላቸው! "እሺ ደሳለ!" ሲሉት፣ "ሻይ ስንት ሰዓት ነው?" አለ።

ያን ቀን ነው ጋሽ ደርበውን ጠርተው፣ "ይህን ዕቅድ ማጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሣሉልኝ፤ እየሠሩ ይዩት" ያሏቸው። ጋሽ ደርበው ግን ያልገባቸውን አይሥሉም። ሥራ አስኪያጇ ያነባሉ፣ እሳቸው የሚሥሉበትን ከሰል ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያዳምጣሉ።

"'ተወዳዳሪነትን ማጎልበት' ይላል ጋሼ።"

"እሱ ማን ነው?"

"ማን?"

"ተወዳዳሪነት።"

"ሰው እኮ አይደለም ጋሼ!"

"ሰው ካልሆነ ምን ለብሶ ይሣል?"

ወይዘሮ ዳግማዊትም፣ "እንግዲህ… ላሊበላ ሆቴሎች ጠረጴዛ ላይ የኛ ማር ከሌላው ቀድሞ ሲያልቅ ማለት ነው" አሉ።

"እንዲህ አትይኝም ልጄ!" ብለው ያንኑ ሣሉት። የኛ ጠርሙስ ተልሶ ባዶ፣ የሌላው ጠርሙስ ሙሉ፣ አፉ ላይ ዝንብ። ዝንቧ ዕቅዱ ውስጥ የለችም፤ ከራሳቸው ነው የጨመሯት። ደሳለ ሥዕሉን አየና፣ "ለካ ሲያነቡልን የከረሙት ይሄን ነው? ታዲያ ጠርሙሱን ደህና አድርገን እንጠብ" አለ። ደሳለን በሥራ ጉዳይ ሲያስብ ያየነው ያኔ ነው።

ሥዕሉ ግን ዋጋ አስከፍሎናል። ጋሽ ደርበው ቀለም የሚያዋህዱት በእንቁላል አስኳል ነው። እንቁላሉ ከየት? ከካንቲን! የካንቲኗ ፋና ትመስክር፤ ግድግዳው እስኪያልቅ እንቁላል ፍርፍር ስናዝ እንደ በረዶ የነጣ ነገር ነበር የሚቀርብልን። "አስኳሉስ?" ስንል፣ "ሄዳችሁ ግድግዳውን ላሱ" ትለናለች።

የደጀንንስ ነገር እንዴት ልተው? የሽያጭ ኃላፊያችን ደጀን፣ አትደበቅ፣ አይቼሃለሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣል አገሩ ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ደርበው ደጀንን የሣሉት ማር የጫነውን መኪና ሲሸኝ ነው። መኪናው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ደጀንም ወደ ግራ ያያል፣ በቃ፣ አንድ ዓይን! ክፋት አስበው አልነበረም። ግን በዚያው ሳምንት የእጮኛው አባት ማር ሊያስረክቡ መጥተው ግድግዳውን አዩት። ወጡና በሩ ላይ ባዘዘውን፣ "ይሄ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው?" አሉት። ባዘዘው ደግሞ፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሠዓሊው ናቸው የሚያውቁት" አይላቸውም! ሠርጉ ሊቀር ምንም አልቀረውም። ደጀን እያለቀሰ መጣ።

"ጋሼ፣ በሞቴ ሁለተኛ ዓይን ይጨምሩልኝ!"

ጨመሩለት። ፊቱ ግን እንደዞረ ነበርና ሁለቱም ዓይን አንድ ጉንጭ ላይ ሰፈረ። ሚስትህ ዛሬም ስትቆጣህ "እንደ ሥዕልህ አታፍጥብኝ" እንደምትልህ ሰምተናል።

እሺ፣ አሁን ትንሽ ዝም በሉ። ይቺን ሳልናገር ብቀመጥ ጠጁ አይወርድልኝም።

ባለፈው ዓመት እንግዳ ጠፋ፣ ሆቴሎቹም መግዛት ተዉ። ከበላይ አዲስ ዕቅድ መጣ። ስብሰባ ላይ ተነበበልን። ውስጡ "የሰው ኃይል አደረጃጀትን ማመጣጠን" የሚል ነበረበት። ደስ የሚል አነጋገር ነው፤ አጨበጨብን። የሙጃ ከተማው ማር መረከቢያችን ኃላፊ እታገኘሁም ለስብሰባው መጥታ ነበር፤ እሷም አጨበጨበች።

በማግስቱ እኛ ጠርሙስ እያጠብን ጋሽ ደርበው ግድግዳው ሥር ቆመው፣ "ይሄኛውን ማን ምን ሲያደርግ ልሣለው?" አሉ። ወይዘሮ ዳግማዊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የሙጃው ይዘጋል ጋሼ። እነ እታገኘሁ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ" አሉ። ደሳለ ቧንቧውን ዘጋው። ሁላችንም ሰምተናል።

"እሺ። እታገኘሁን ልጇን አዝላ ስትወጣ እሥላለሁ። በሩን የሚዘጋውስ ማን ነው?"

"እኔ ነኛ…"

"እንግዲህ በጎን ነው የምሥልሽ ልጄ። ሌላ አልችልበትም።"

የሳቀ ሰው የለም። ወይዘሮ ዳግማዊት፣ "አይሣሉት፤ ይቆዩኝ" ብለው ወጡ። መኪና አስነስተው ሙጃ ወጡ። ከየደብሩ አስተዳዳሪዎች ጋር ሲነጋገሩ ሰነበቱ። በርካሽ የምንሸጠው ሰም ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጧፍ ቢሠራበት መረከቢያው ራሱን እንደሚችል አስልተው ከበላዮቹ ጋር ተሟገቱ። መላውን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ጋሽ ደርበው፣ ይሄኛውን ለእርስዎ አልሰጥዎትም። ዛሬ ግድግዳችን ላይ እታገኘሁ ክር በሰም እየነከረች፣ ፊት ለፊት እያየችን ተቀምጣለች።

ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ ብትቀር ኖሮ፣ ጋሼ፣ እኛ እያጨበጨብን ነበር እታገኘሁን የምናባርራት። ክፉ ሰዎች ሆነን አይደለም፤ ስላልታየን ነው። እርስዎ አሳዩን። ስለ እሱ እግዚአብሔር ይስጥልን። እንቁላላችንንም ይቅር ብለናል።

በሉ፣ ጠጁ ከራሳችን ማር ነው፤ ብርጭቆ ያላችሁ ሙሉ፣ የሌላችሁ ከጎረቤት ቀሙ። ብርጭቆውን ቀድሞ የሚያነሳው ግን እኔ አይደለሁም። እታገኘሁ፣ ተነሺ። ኧረ ተነሺ፣ አትፈሪ! ጓዶች፣ እታገኘሁ ዛሬ ከሙጃ የወረደችው ከወይዘሮ ዳግማዊት የዕረፍት ፈቃድ ጠይቃ ነው። ፈቃድ የሚጠይቀው ደግሞ ሥራ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ጋሽ ደርበው፣ እጅዎ አይዛል፣ ጉልበትዎ የላስታን ዳገት አይፍራ፣ ስብሰባ የሌለበት ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። እታገኘሁ፣ ከፍ አድርጊው! ለጋሽ ደርበው!